ድውይን ስለ መጠየቅ

በቋንቋችን «በሽተኛ ጠየቀ» ማለት ሁለት ፍች አለው። አንደኛው ሄዶ ማየትና ማጽናናት ነው፤ ሁለተኛው ምን እንዳመመው መመርመር ነው። በፊተኛው ሁላችንም የሠለጠንን ነን፤ ጎረቤት ታመመ ሲባል ነጠላችንን አጣፍተን እንገሠግሣለን። በኋለኛው ግን ብዙ ጕድለት አለብን።

ከኢሉባቦር ከተሞች በአንዲቱ፣ በሕክምና ቤት ደጅ ተቀምጠን ተራችንን ስንጠብቅ ያየነውን እንናገር። አንዲት ሴት ከቡና ለቀማ ተነሥታ፣ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጇን አስከትላ ገባች። አስታማሚው ኦሮምኛ አያውቅምና ልጁን አስተርጓሚ አደረገው። በሩ ክፍት ስለ ነበረ ሁላችንም እንሰማለን። «ደም ይፈስሳታል ወይ? በላት» አለው። ልጁ አፈረ፤ አቀርቅሮም ሌላ ነገር ጠየቃት። እናቲቱ «ነጋ» አለች፤ ሰላም ነው፣ ደህና ነኝ ማለቷ ነው። ቃሏ እንዲሁ ተጻፈ፤ የራስ ምታት ክኒን ተሰጥቷት ሄደች። በሦስተኛው ቀን በቃሬዛ ተሸክመው እንደ መለሷት ሰማን።

አስታማሚው ክፉ ሰው አልነበረም። ነገር ግን «ነጋ» ማለት፣ በአማርኛም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ማለት፣ የሰላምታ መልስ እንጂ የምርመራ መልስ አይደለም። ነፍሱ ልትወጣ የቀረበች ሰው ስንኳ ይለዋል። ስለዚህ ዐዋቂ አስታማሚ አስቀድሞ «አካም ቡልታን» ብሎ፣ ስለ ቤቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ ጠይቆ ሰላምታውን ይፈጽማል። ከዚያ በኋላ በሩን ዘግቶ፣ ከበሽተኛው ጋራ ትክክል ተቀምጦ፣ ሽማግሌውን «አንተ» ሳይል የሕመሙን ነገር ይዠምራል። ጊዜ ይፈጃል የሚል ቢኖር፣ ቃሬዛውን ያስብ።

የአጠያየቁም ነገር ከችሎት ብዙ አይለይም። ምስክርን «በሌሊት አይተኸዋል አይደለም?» ብሎ መጠየቅ መልሱን አፉ ውስጥ ማግባት ነው፤ በሽተኛም እንደዚሁ አስታማሚውን ላለማሳፈር «አዎን» ይላል። እንግሊዛዊቱ ፍሎረንስ ናይቲንጌል በአውሮፓ አቈጣጠር በ1859 ዓ.ም. ስለ ማስታመም ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ሌሊቱን ደህና ዐደረ ወይ ብሎ መጠየቅን ነቅፋለች፤ ስንት ሰዓት ተኛ፣ በየትኛው የሌሊት ክፍል ተኛ ማለት ይሻላል ባይ ናት። የእኛ ገበሬ ሰዓት ባይቈጥር ቀኑን በመስቀል፣ በገበያ፣ በቡና ለቀማ ይቈጥራል። «ልቤን ያቃጥለኛል» ያለውንም ሁሉ የልብ በሽተኛ ማድረግ አይገባም፤ ብዙ ጊዜ ጨጓራውን ማለቱ ነውና በጣቱ እንዲያሳይ ማድረግ ነው። የሀገር መድኃኒት ጠጥቶ እንደ ሆነም በቍጣ ሲጠየቅ «ከቶ አልቀመስሁም» ይላል።

ከሁሉ የሚከብደው የሚታፈርበት ሕመም ነው። በመቱና በጎሬ ዙሪያ ባለው በቀይ አፈር አገር ባዶ እግሩን የሚያርስ ሰው በዝሆኔ ይያዛል። ምክንያቱ በእግር ቆዳ ሠርጎ የሚገባው የአፈሩ ደቃቅ ብናኝ ነው፤ ሕዝቡ ግን የዘር ነው ብሎ ስለሚያምን፣ ሴት ልጅ የሚድር አባት እግሩን ይሸፍናል። እንዲህ ያለውን ሰው በሰው ፊት «በዘራችሁ ዝሆኔ አለ ወይ?» ማለት አፉን መለጐም ነው። «እግርዎን ማታ ማታ ያሳክክዎታልን? ያቃጥልዎታልን?» ቢባል ግን ይናገራል። ይህም የሕመሙ መዠመሪያ ምልክት ነውና፣ ያን ጊዜ ቢታወቅ እግርን በሳሙና መታጠብና ጫማ ማድረግ ብዙ ይረዳል።

የሴቶች ሕመም ባለጸጋና ድኻ አይለይም። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደቱ ዘመን በለንደን በሕፃናት ሐኪም ቤት አስታማሚነትን የተማሩ ነበሩ። ሆኖም በ1934 ዓ.ም. ከኢሉባቦር ጎረቤት በምትሆነው በወለጋ፣ በለቀምት ከተማ፣ ከእርግዝና በመጣ ሕመም ገና በወጣትነታቸው ዐረፉ።

እኛም የቤት ጌቶች ነቀፋ አለብን። ሠራተኛችንን ወደ ሐኪም ቤት ስንወስድ አብረን ገብተን፣ እርሷ ሳትናገር እኛ እንመልስላታለን። ይህን በማድረግ የምንረዳት ይመስለናል፤ እርሷ ግን በእኛ ፊት የምትናገረው ጥቂት ነው። ወጥተን በደጅ ብንቈይ ምን ይጐድልብናል?

ያችን በቃሬዛ የተመለሰችውን እናት የተቀበለቻት ሌላ አስታማሚ፣ ኦሮምኛ የምታውቅ ሴት ነበረች። ልጁን ውሃ እንዲያመጣ ልካ በሩን ዘጋች። ፅንስ ወርዷት ለአምስት ቀን ደም ይፈስሳት እንደ ነበረ በዚያች ሰዓት ተናገረች፤ በዚያው ሳምንትም ድና በእግሯ ወደ ቤቷ ሄደች።