ፈረሱ ኮርስ ለይቶ አይታመምም



ከአዳማ ወደ ሞጆ በተሻገርን ቁጥር፣ እግሩና ደረቱ ላይ እንደ መቁጠሪያ የተሰካካ እብጠት የወጣበት የጋሪ ፈረስ ያላየ በመካከላችን አይገኝም። በሽታው በፈንገስ የሚመጣ የሊምፍ መስመር በሽታ መሆኑን ለፈተና በቃላችን አጥንተናል። ነገር ግን ባለጋሪው ልጓሙን ይዞ «ታዲያ ነገ ልሥራበት ወይስ ላሳርፈው?» ብሎ ሲጠይቀን አንገታችንን እንደፋለን።

ምክንያቱ ምንድር ነው? ፈንገሱን በአንድ ዓመት፣ መድኃኒቱን በሌላ ዓመት፣ የባለከብቱን ኑሮ ደግሞ ለመመረቅ ስንቃረብ እንማራለን። ፈረሱ ግን ሁሉንም ባንድ ቀን ይዞ ይመጣል። ፈንገሱ የሚገባው በቁስል ነው፤ ቁስሉን የማይስማማ የጋሪ ዕቃ ሊከፍተው፣ ዝንብም ሊያዛምተው ይችላል፤ ሕክምናው ረጅም ነው፤ ፈረሱ ባረፈ ቀን ደግሞ የባለጋሪው ልጆች ራት ያጣሉ።

ስለዚህ ትምህርቱ ከችግሩ ይጀምር እንላለን። ነገሩ አዲስ ፈጠራ አይደለም። በካናዳ የማክማስተር ዩኒቬርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት በፈረንጆች 1969 ተማሪዎቹን በትንንሽ ቡድን ከፍሎ፣ የበሽተኛውን ጉዳይ አስቀድሞ እየሰጠ፣ የጎደላቸውን ዕውቀት ራሳቸው እንዲፈልጉ ማድረግ ጀመረ። የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤቶችም ተከትለውታል።

«መሠረታዊው ሳይንስ ይላላል፤ መምህርና መጽሐፍም አይበቃም» የሚሉ አሉ። ክርክራቸው የሚናቅ አይደለም። ስለዚህ ሌክቸሩ ይቅር አንልም። ከመጀመሪያው ዓመት አንሥቶ በየሁለት ሳምንቱ አንድ እውነተኛ ጉዳይ ለስምንት ለስምንት ተማሪ ይሰጥ፤ መምህሩ መልስ ነጋሪ ከመሆን ይልቅ ጠያቂ ይሁን፤ ፈተናውም ይህንኑ ይመዝን። ፈተናው ካልተለወጠ እኛም አንለወጥም፤ ኖት ሸምድዶ ማለፍን ለምደናልና።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ገደማ ገብቶ የአገራችንን ከብት የፈጀው የደስታ በሽታ ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው በፈረንጆች 2011 ነው። በ1990ዎቹ በአፋር በሽታው የተሸነፈው ክትባቱ ስለ ተሠራ ብቻ አልነበረም፤ ከአርብቶ አደሩ መካከል የሠለጠኑ ሰዎች ሙቀት የሚችለውን ክትባት ከብቱ ካለበት ድረስ ስላደረሱት ጭምር ነው። ጥያቄው የተነሣው ከሜዳው ነበር፤ መልሱም የተገኘው እዚያው ነው።

ጉዳዩ በማኅበራችን ስብሰባ ተመክሮበት ለመምህራን ጉባኤ እንዲቀርብ እንጠይቃለን። ባለጋሪው መልሱን ዛሬ ይፈልገዋል።