ንባቡ የት ላይ ነው የሚዘገየው?

«ጋሼ፣ በትሬድ ነው የሚሻለው በፕሮሰስ?» ሲል ጠየቀኝ አብሮኝ የሚሠራው ወጣት፤ ድካሙ ከድምፁ ይሰማል። የወር መጨረሻ ሪፖርት የሚያወጣው የፓይተን ፕሮግራማችን ቀርፋፋ ነው። ኮምፒውተሩ 8 ኮር እያለው የሚለፋው አንዱ ብቻ ነው። ልጁ የዳታቤዙን ንባብ ለ8 ትሬድ አከፋፈለው፤ የሚፈጀው ጊዜ ግን ንቅንቅ አላለም። ቢሮው ደግሞ በውድ ምንዛሪ አዲስ ሰርቨር ስለመግዛት ማውራት ጀምሯል።

ትሬዶች በአንድ ማጀት የሚሠሩ እጆች ናቸው፤ ሜሞሪው የጋራ ነው፣ ዕቃውም ቅርብ ነው። ፕሮሰስ ግን የየራሱን ጎጆ የወጣ ነው፤ ከጎረቤቱ የሚፈልገውን ለማግኘት ተሸክሞ ማመላለስ አለበት። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። የሚዘነጋው የፓይተን ማጀት ያለው አንድ ቁልፍ ብቻ መሆኑ ነው። የፓይተንን ኮድ በአንድ ቅጽበት የሚያስኬደው ቁልፉን የያዘው ትሬድ ብቻ ነው። ትሬዱ ከዲስክ ወይም ከኔትወርክ መልስ ሲጠብቅ ቁልፉን ይለቃል፤ ያኔ ሌላው ይሠራል። ስለዚህ ዳታቤዙ ሩቅ ሰርቨር ላይ ሆኖ ጊዜው በመጠበቅ የሚያልፍ ከሆነ ትሬድ በእርግጥ ያዋጣል። ቁልፉን የሚያስቀር ፓይተን በ2024 በወጣው 3.13 ለሙከራ ቀርቦ ነበር፤ እኛ የምንጠቀመው ግን የተለመደውን ነው።

የእኛ ዳታቤዝ ኤስኪውላይት ነው፤ እዚያው ማሽን ላይ ያለ አንድ ፋይል። ፋይሉ አንዴ ከተነበበ በኋላ ሜሞሪ ውስጥ ስለሚቆይ ዲስክ መጠበቅ የለም ማለት ይቻላል። ጊዜውን የሚበላው እያንዳንዱን መዝገብ ወደ ፓይተን ዕቃ መለወጥ፣ ቀኑን መተርጎም፣ ገንዘቡን መደመር ነበር። ስምንቱም ትሬዶች ለዚያችው አንድ ቁልፍ ተሰልፈው ነበር።

ወደ ፕሮሰስ ስንቀይረው ፈጠነ፤ የጠበቅነውን ያህል ግን አይደለም። እያንዳንዱ ልጅ ፕሮሰስ ያነበበውን መዝገብ ሁሉ ጠቅልሎ ለወላጁ ይልካል፤ ወላጁ ብቻውን ተቀምጦ ይፈታል። መዝገቡ ቀርቶ ድምሩ ብቻ እንዲላክ ሲደረግ ነው ኮሮቹ በትክክል የሠሩት። አንድ ነገር ላስጠንቅቅ፦ የኤስኪውላይትን ኮኔክሽን ወላጁ ከፍቶ ለልጆቹ ማውረስ ክልክል ነው፤ ፋይሉን እስከ ማበላሸት ያደርሳል። ሁሉም የራሱን ይክፈት።

በትልልቆቹ የዳታቤዝ ሰርቨሮች ዘንድም ክርክሩ አላለቀም። ፖስትግረስ ለእያንዳንዱ ኮኔክሽን አንድ ፕሮሰስ ይመድባል፤ ማይኤስኪውኤል ትሬድ። ሁለቱም ከባድ ንባብ ተሸክመው ይኖራሉ። ፖስትግረስ ሲጫን የሚፈቅደው 100 ኮኔክሽን ነው፤ ብዙ ተጠቃሚ ያለው ሰው ፊት ለፊቱ እንደ ፒጂባውንሰር ያለ አከፋፋይ ያቆማል። በ2023 ከፖስትግረስ አበልጻጊዎች አንዱ የሆነው ሄይኪ ሊናካንጋስ ፖስትግረስ ወደ ትሬድ ይዙር የሚል ሐሳብ አቅርቦ ብዙ አከራክሯል። ፕሮሰስ ይሻላል የሚሉት አንዱ ቢወድቅ ሌላው አይነካም ይላሉ፤ ፖስትግረስ ላይ ግን አንዱ ፕሮሰስ ክፉኛ ከተሰናከለ የጋራው ሜሞሪ ስለሚያጠራጥር የሌሎቹም ሥራ ይቋረጣል። ጎጆ ቢለያይም ጓዳው የጋራ ነው።

እኔን የሚያሳዝነኝ የፍጥነት ሠንጠረዥ ብቻ ይዞ መከራከር ነው። ጊዜው የት እንደጠፋ ሳይለካ አሸናፊ ይታወጃል፣ ማሽን ይገዛል፣ ወጣቱ ባለሙያ ኮዱን ደጋግሞ ያፈርሳል።

ልጁ በመጨረሻ ድምሩን ዳታቤዙ ራሱ እንዲሠራው አደረገ። በአንድ ጥያቄ፣ በአንድ ፕሮሰስ፣ ከስምንቱም ፈጠነ። ትሬዱም ፕሮሰሱም ከኮዱ ወጡ፤ የሰርቨር ግዢውም ወሬ ቀዘቀዘ። አሁን የቀረን የቀኑ ኮለም ኢንዴክስ የሌለው መሆኑ ነው። ሰኞ እሱን እንይዛለን።