ሳይቃጠል በቅጠል፦ የውሃ ፓምፓችን አልነሣ ሲል

ይድረስ ለሠፈራችን ነዋሪዎች በሙሉ፤

እንደሚታወቀው የሠፈራችን ቦኖ ውሃ የሚያገኘው ከጉድጓዱ በመብራት ፓምፕ ተስቦ ሮቶው ላይ ከወጣ በኋላ ነው። ፓምፑ አልነሣ ያለ ዕለት ምን እንደሚሆን ነጋሪ አያሻንም። እናቶች ሳይነጋ ጀሪካን አዝለው ወደ ምንጭ ይወርዳሉ፤ ልጆች የጠዋቱ ትምህርት ያመልጣቸዋል፤ አራስ ያለበት ቤት ከጎረቤት ይለምናል። ስለሆነም ማኅበራችን በዚህ ጉዳይ ያለውን ሐሳብ በግልጽ እንጽፋለን። ሐሳባችን አጭር ነው፦ ፓምፑ እምቢ ሲል መጀመሪያ ገንዘብ አይሰበሰብ፤ ሞተሩም አይፈታ። መጀመሪያ ይጥፋና በተራ ይመርመር።

ይህን የምንለው ደርሶብን ስላየነው ነው። ባለፈው ዓመት ፓምፑ ሲቆም የመጣ አንድ ሠራተኛ ክዳኑን እንኳ ሳይከፍት «ሞተሩ ተቃጥሏል፤ ደሴ ሄዶ ሽቦው እንደ አዲስ ይጠምጠም» አለ። በየቤቱ መዋጮ ተጠየቀ። ለልጁ ደብተር ያስቀመጠውን አውጥቶ የሰጠም አለ። በኋላ ሌላ ባለሙያ በመለኪያ ሲያየው የሞተሩ ሽቦ ደኅና ነበር፤ የደከመው ካፓሲተሩ ብቻ ነው። ካፓሲተር ማለት የቆመውን ሞተር ለመነሣት የሚረዳው፣ ኪስ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ዕቃ ነው። እስከዚያው ግን ዘጠኝ ቀን ያለ ውሃ ከረምን።

ታዲያ እንዴት ይመርመር? ሞተር ሲታመም ምልክት ይሰጣል፤ ድምፁን ማዳመጥ ነው።

1ኛ/ ምንም ድምፅ ከሌለው፦ ብዙውን ጊዜ ነገሩ ከመብራቱ በኩል ነው። የጎረቤት መብራት አለ ወይ? ብሬከሩ ወድቋል ወይ? ሮቶው ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ማብሪያ ተጣብቆ «ሞልቷል» እያለ አጥፍቶት እንደሆነስ? ከነዚህ አንዱ ሆኖ ሲገኝ ያለ ወጪ ያልቃል። ብሬከር ግን የሚመለሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። መልሶ ከወደቀ አይነካ። አንድ ችግር አይቶ ነው የወደቀው፤ በግድ እንዳይወድቅ ማሰር ቤት ማቃጠል ነው።

2ኛ/ እያጉረመረመ ካልዞረ፦ ቶሎ ይጥፋ! መዞር ያቃተው ሞተር ሲሠራ ከሚወስደው አምስት እስከ ሰባት እጥፍ መብራት ይስባል፤ ያ ሁሉ ሙቀት ሆኖ ሽቦውን ይበላዋል። «እስቲ አንዴ ልሞክረው» እያሉ ደጋግሞ ማብራት ደኅናውን ሞተር የሚያቃጥለው ይኸው ነው። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ከሦስት አንዱ ይሆናል። አንደኛው የመብራት መድከም ነው። የአገራችን መብራት 220 ቮልት ነው፤ ማታ ሁሉም ምጣድና ምድጃ ሲያበራ 180 ቢወርድ፣ ሞተሩ የሚነሣበት ጉልበት ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። መድኃኒቱ መታገሥና ምጣድ በማይበዛበት ሰዓት መሳብ ነው። ሁለተኛው የካፓሲተር መድከም ነው። ሦስተኛው ሳይሠራ የከረመ ፓምፕ በዝገት መያዙ ነው። መብራቱ ከብሬከሩ ተቋርጦ፣ ዘንጉ ከኋላ በማራገቢያው በኩል በእጅ ሲሞከር ይላቀቅ እንደሆነ ይታያል።

3ኛ/ ዞሮ ውሃ ካላመጣ፦ ብዙውን ጊዜ ሞተሩ አልታመመም፤ ቧንቧው አየር ይዟል ወይም ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ቫልቭ ያፈሳል። ጠፍቶ በውሃ መሞላት አለበት። ከላይ ተቀምጦ የሚስብ ፓምፕ በባሕር ዳርቻ አገር ቢበዛ 10 ሜትር ያህል ይስባል ይባላል፤ እንደ ወረኢሉ ከ2,500 ሜትር በላይ ባለ ደጋ ግን አየሩ ስስ ስለሆነ በስሌት እንኳ ከ7 ሜትር ተኩል ብዙም አያልፍ፤ በሥራ ላይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። በበጋ የጉድጓዱ ውሃ ሲወርድ ፓምፑ የሚሰንፈው ለዚህ ነው። ያለ ውሃ ማሽከርከር ግን አይገባም፤ ውሃ የሚያቀዘቅዘው የዘንጉ ማሸጊያ በደረቁ ይነዳል።

ይህ ነገር የእኛ ጉድጓድ ብቻ አይደለም። ከአረብ አገር የተመለሱ እህቶቻችን በሀብታም ቤት ያዩት፣ የሙቅ ውሃ ገንዳውን ውሃ የሚያዞረው ሞተርም የእኛው ፓምፕ ዘመድ ነው፤ አልነሣ ሲልም የሚመረመረው በዚሁ ተራ ነው። አዲስ አበባ ፍል ውሃ ውሃውን መሬቷ ራሷ ታሞቀዋለች። ለእኛ ያልተሰጠንን በሞተር ካገኘን፣ ሞተሩን ማወቅ ደግሞ የእኛ ፈንታ ነው።

«እኛ ምን አገባን፤ ባለሙያ ይጠራ» የሚሉ አሉ። ባለሙያ አያስፈልግም አላልንም። መለኪያ ይዞ የሞተሩን ሽቦ የሚያይ፣ ካፓሲተር የሚለውጥ ባለሙያ ነው። ካፓሲተር እኮ መብራቱ ከጠፋም በኋላ ኃይል ይዞ ይቆያል፤ የማያውቅ ሰው ቢነካው ይመታዋል። እርጥብ እጅና መብራትም አይገናኙም። ነገር ግን ባለሙያውን «ጠዋት ያጉረመርማል፣ ብሬከሩ አልወደቀም፣ ዘንጉ በእጅ ይዞራል» ብለን ከተቀበልነው ሥራው ግማሽ ይሆናል፤ ሊያታልል የመጣም ቢሆን ያፍራል። በሌላ በኩል «እኔ እችለዋለሁ» ብሎ በመፍቻ የሚነሣ ጎረቤትም አለ። ወንድሜ፣ ተው! ያንተ ድፍረት የሁላችን ጥማት ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን፦

ሀ/ አንዲት ወጣት ሴትና አንድ ወጣት ወንድ ተመርጠው ከባለሙያ ይማሩ፤ የፓምፑ ቤት ቁልፍ በእነሱ እጅ ይሁን። ውሃ ስትቀዳ የምትውለው ሴት ስለ ፓምፑ እንዳታውቅ ማድረግ ትክክል አይደለም።

ለ/ በፓምፑ ቤት አንድ ደብተር ይሰቀል። የቆመበት ቀንና ሰዓት፣ የተሰማው ድምፅ፣ የነካው ሰው ስም ይጻፍበት።

ሐ/ በአሮጌው ላይ የተጻፈውን ቁጥር የሚመስል አንድ ትርፍ ካፓሲተር ተገዝቶ በደረቅ ቦታ ይቀመጥ።

መ/ ለሞተር ጥገና መዋጮ ከመጠየቁ በፊት ሁለት ነዋሪዎች ባሉበት በመለኪያ ይታይ፤ የታየውም በዚህ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።

የመጨረሻው ለእኛ ከሁሉ ይበልጣል። ሰው መዋጮ የሚሰለቸው ድኻ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ለምን እንደሚከፍል ስለማይነገረው ነው። ያየውን ነገር ሰው አይነፍግም።

የምትቃወሙም የምትደግፉም በሚመጣው እሑድ ከሰዓት በኋላ ቦኖው አጠገብ እንገናኝ። ሐሳባችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ጀሪካን መያዝም አይከለከልም።

የሠፈሩ ልማት ማኅበር ጸሐፊ
ወረኢሉ