ኮርስ ሻጩ በዛ፣ የእኛን ጥያቄ የሚመልስ ጠፋ

ቴሌግራም ወይ ቲክቶክ ከፍታችሁ አምስት ደቂቃ ቆዩ፤ አንዱ አይቀርም። «በስልክህ ብቻ ዶላር ሥራ»፣ «ፎሬክስ በ7 ቀን»፣ «ዲጂታል ማርኬቲንግ ከዜሮ ጀምሮ»። ቅናሹ ሁሌም የሚያበቃው ዛሬ ማታ ነው። በቴሌብር ከፍለን እንገባለን፤ ስንከፍተው ዩቲዩብ ላይ በነጻ ያለ ነገር ሆኖ እናገኘዋለን። እኛም ከተበሉት ውስጥ ስላለን ከዳር ቆመን አይደለም የምናወራው።

የዛሬው ጽሑፋችን ግን ስለ አጭበርባሪዎቹ አይደለም። የእውነት የሚያውቁት ነገር ኖሯቸው፣ ማስተማርም ፈልገው፣ «ምን ላይ ልሥራ?» የሚለው ላይ ስለሚቆሙት ልጆች ነው። ደባርቅም ዳባትም እንዲህ ያሉ ልጆች አሉ። ብዙዎቹ መጨረሻ ላይ የሚያደርጉት አዲስ አበባ ያለው ሰው የሠራውን መድገም ነው፤ እሱ ደግሞ የውጭውን ደግሟል። በሦስተኛ እጅ የመጣ ኮርስ ማን ይግዛ?

የእኛ ሐሳብ አጭር ነው። የኮርስ ርዕስ ያለው ትሬንድ ላይ ሳይሆን ሰው ደጋግሞ በሚጠይቀው ጥያቄ ውስጥ ነው።

ነጻ ኮርስ አለ፤ የማንን ጥያቄ ይመልሳል?

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ መንግሥት ከተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ጋር ሆኖ «5 ሚሊዮን ኮደርስ» የተባለውን ፕሮግራም ጀመረ። ፕሮግራሚንግ፣ ዳታ ሳይንስ፣ የአንድሮይድ አፕ መሥራት በነጻ ይሰጣል፤ ሰርተፊኬትም አለው። ጥሩ ነገር ነው፣ የቻለ ይማር። ግን ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ አፕ ለመሥራት ደግሞ ኮምፒውተር ያስፈልጋል።

በዚያው ወር የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። በዶላር የሚከፈል የውጭ ኮርስ ለእኛ ያኔ ነው ይበልጥ የራቀው።

ኢንተርኔትም ቢሆን እዚህ አካባቢ እንደ ሌላው ቦታ አይታሰብም። በ2015 ክረምት በአማራ ክልል ግጭቱ ሲነሳ የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ። በክልሉ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ተማሪዎችም ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆነዋል።

አንድ ነገር ደግሞ እንጨምር። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 ከመቶና በላይ ያመጡት በአገር ደረጃ በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፣ በ2015 3.2 ከመቶ፣ በ2016 5.4 ከመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 ከመቶ ናቸው። የተሻለ በተባለው ዓመት እንኳ ከመቶ ተፈታኝ 91ዱ ማለፊያውን አላገኙም። እነዚህ ሁሉ ልጆች «አሁንስ ምን ላድርግ?» ብለው ይጠይቃሉ። በአማርኛ፣ በቀጥታ፣ ያለ ማታለል ይህን የሚመልስ ኮርስ ስንት አያችሁ? ፎሬክሱ የሚሸጠው እኮ ይህ ቦታ ባዶ ስለሆነ ነው።

ከአንድ ሰው ጥያቄ የተነሱ

ካን አካዳሚን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። መነሻው ትልቅ ዕቅድ አልነበረም። በ2004 እ.ኤ.አ. ሳልማን ካን የሚባል ሰው ሌላ ከተማ ያለች ዘመዱ ሒሳብ ስለከበዳት በስልክ ማስረዳት ጀመረ። የቸገራት የመለኪያ አሃዶችን መቀየር ነበር። ሌሎች ዘመዶችም «ለእኛም» ሲሉት በ2006 እ.ኤ.አ. ዩቲዩብ ላይ መጫን ጀመረ። የመጀመሪያ ርዕሱን የሰጠችው ልጅቷ ናት።

ወደ አገራችን ስንመጣ 8028 አለ። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር በ2006 ዓ.ም. የጀመረው መስመር ነው። አርሶ አደሩ በነጻ ደውሎ፣ የሚፈልገውን ሰብል በቁጥር መርጦ፣ በቋንቋው እንዲያዳምጥ ሆኖ ተሠራ። ስማርት ስልክ አይፈልግ፣ ዳታ አይፈልግ። በሚሊዮን የሚቆጠር ጥሪ አስተናግዷል። ሰው ለመማር ሰነፍ ስላልሆነ በሚያውቀው ቋንቋ፣ በያዘው ስልክ፣ በቸገረው ነገር ላይ ስታስተምሩት ይደውላል።

መጠየቅን ራሱ እንደ ሥራ የያዘ ተቋምም እዚሁ ዳባት አለ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የዳባት ምርምር ማዕከል ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቤት ለቤት እየዞረ ልደት፣ ሞት፣ ፍልሰት ይመዘግባል። አንዴ ጠይቆ አይተውም፤ ተመልሶ ይጠይቃል። ኮርስ የሚሠራ ልጅም ከዚህ የሚወስደው አለው፤ የሰውን ችግር ቤቱ ተቀምጦ አይገምትም።

ደባርቅ ላይ አስተማሪው ማነው?

ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ነው። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለው ደባርቅ ነው። ስለ ጭላዳና ስለ ዋልያ ለእንግዳ በእንግሊዝኛ ሲያስረዱ የኖሩ አስጎብኚዎች አሉ። በኮቪድና በጦርነቱ ግን እንግዳው ቀረ፣ ሥራው ተቀዛቀዘ።

ታዲያ እንግሊዝኛ ለመልመድ ስንት ሰው ይከፍላል? ሳንቃበር ላይ ከእንግዳ ጋር ቁጭ ብሎ የለመደው አስጎብኚ ግን ራሱን እንደ አስተማሪ አያይም። «መጀመሪያ ሲያገኙህ ምን ይሉሃል? ሳይገባህ ሲቀርስ ምን ትላለህ?» ለሚለው ከመጽሐፍ የተሻለ መልስ ያለው እሱ ጋ ነው።

አርሶ አደሩም አለ፤ የድንች ዘር እንዴት ይቀመጥ፣ ገብሱን ምን መታው ይላል። እናትም አለች፤ ዓረብ አገር ያለችው ልጇ የላከችው ብር ስልኳ ላይ ሲገባ ማንም ሳያታልላት እንዴት ታውጣው? አንዱም ትሬንድ አይደለም። ግን ሁሉም በየቀኑ ይጠየቃል፣ ባለማወቅም ገንዘብ ይጠፋል።

እንዴት ይጀመር?

አንደኛ፣ ለአንድ ሳምንት ሰዎች የሚጠይቋችሁን ስልካችሁ ላይ ጻፉ። በእናንተ ቃል ሳታሳምሩ እነሱ እንዳሉት ጻፉት። «የዲጂታል ክፍያ ደህንነት» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም፤ «ይህ መልእክት የእውነት ነው?» ነው የሚለው። ርዕሳችሁም እሱ ነው።

ሁለተኛ፣ የተደጋገመውን ቁጠሩ። ከሦስት የተለያየ ሰው የመጣ ጥያቄ ካለ ከእሱ ጀምሩ።

ሦስተኛ፣ «ይህን ባለማወቁ ምን አጣ?» በሉ። ብር፣ ጊዜ ወይም ዕድል ካጣበት ይሰማችኋል። ምንም ካላጣ ላይክ አድርጎ ያልፋል።

አራተኛ፣ ሙሉ ኮርስ አትሥሩ። የአምስት ደቂቃ ድምፅ ቅዱና ለአሥር ሰው ላኩ። መልሰው የሚጠይቋችሁ ነገር ሁለተኛው ትምህርት ይሆናል።

አምስተኛ፣ ዳታ እንደሚጠፋ አስባችሁ ሥሩ። ፋይሉ ትንሽ ይሁን፣ ይውረድ፣ በብሉቱዝና በሜሞሪ ከስልክ ወደ ስልክ ይለፍ። ኔትወርክ ሲቋረጥ አብሮ የሚቋረጥ ኮርስ ለዚህ አካባቢ አይሆንም።

እዚህ ላይ አንድ እውነት አለ። የአካባቢ ጥያቄ የሚጠይቀው ሰው ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ በአንድ ሌሊት ሚሊዮን ቪው አያመጣም። ብዙ ልጆች ወደ ፎሬክሱ የሚሄዱትም ለዚህ ነው። ግን ዳባት ላይ መቶ ሰው የእውነት የጠቀመው ትምህርት ለሌላው ደጋ ወረዳም ይሠራል፤ ገብስና ድንች፣ የወደቀ ተፈታኝ፣ ከዓረብ አገር የሚላክ ብር ሁሉም ጋ አለ። የማንም ላልሆነ ጥያቄ የተሠራው ግን የትም አይደርስም።

እስቲ ዛሬ እናንተም ሞክሩት። በዚህ ሳምንት ሰው ደጋግሞ የጠየቃችሁ ምንድነው? እሱ እንዳለው አድርጋችሁ ጻፉልን። በደንብ የተደጋገሙትን ይዘን መልሱን የሚያውቅ ሰው እንፈልጋለን፤ ምናልባትም እዚሁ ደባርቅ፣ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ አስጎብኚ ይሆናል።