እጅ ከመውጣቱ በፊት ሂሳቡ ይነበብ

በኑኑ ቁምባ ወረዳ በአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ጠቅላላ ጉባዔ ላይ ተገኝቼ ነበር። ሪፖርቱ ተነበበ፤ «ተቃውሞ ያለው?» ተባለ፤ ዝም ተባለ፤ ተጨበጨበ። አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ጉባዔው አለቀ። ሰው ሲበተን አንድ አዛውንት ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ወፍጮው መቆሙን በሪፖርቱ ውስጥ ሰማህ?» አሉኝ። እውነትም አልተነሣም። የወፍጮው ሞተር በመበላሸቱ እናቶች እህል ተሸክመው ሩቅ ይሄዳሉ። ለጥገናው የተያዘው ገንዘብ ወጪ ይሁን ተቀማጭ የሚያውቀው ኮሚቴው ብቻ ነው። «ታዲያ ለምን አልጠየቁም?» ብላቸው «ነገ ለማዳበሪያ የምሰለፈው እዚያው ነው» ብለውኝ ሄዱ።

የገበሬ ማኅበር መሪዎች ሆይ፤ የዛሬው ጽሑፌ የተነሣው ከእኒህ አዛውንት መልስ ነው። ብዙ ጊዜ «መጀመሪያ ልማቱ ይምጣ፣ ውይይቱ ይደርሳል» ሲባል እንሰማለን። እኔ በዚህ አልስማማም።

ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ላንሣ። ስዊዘርላንድ ወደ 41 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያላት፣ ሕዝቧም 9 ሚሊዮን ያህል የሆነ ትንሽ አገር ናት። እንደኛው የባሕር በር የላትም፤ መሬቷ ተራራ የበዛበት ነው፤ ይህ ነው የሚባል ማዕድንም የላትም። ሆኖም ከዓለም ሀብታም አገሮች ተርታ የተሰለፈች ናት። ግላሩስ በሚባለው ግዛቷ መራጩ በየዓመቱ በፈረንጆቹ ሜይ ወር መግቢያ አደባባይ ወጥቶ የግብሩን መጠንና ትላልቅ ወጪዎችን ራሱ በእጁ ይወስናል። በመላ አገሪቱም ምክር ቤቱ ባወጣው ሕግ ያልተስማሙ 50 ሺህ ዜጎች በ100 ቀን ውስጥ ከፈረሙ፣ ሕጉ ለሕዝብ ድምፅ ይቀርባል።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የቶርበል መንደር ነገር ነው። የዚህች ተራራማ መንደር ገበሬዎች እ.ኤ.አ. በ1517 ዓ.ም. ስለ ጋራ ግጦሻቸው አንድ ደንብ ጻፉ። ማንም ሰው በክረምት በራሱ ድርቆሽ ሊቀልባቸው ከሚችለው በላይ ላሞች ወደ ጋራው ግጦሽ እንዳያወጣ የሚል ነው። ደንቡን ያወጡት ራሳቸው ስለሆኑ ጠባቂዎቹም ራሳቸው ነበሩ። በጋራ ግጦሽ ምክንያት ጎረቤት ከጎረቤት ሲካሰስ ያየ የኑኑ ቁምባ ገበሬ የዚህን ደንብ ዋጋ ለመረዳት የእኔን ማብራሪያ አይፈልግም።

ስዊዘርላንድ የበለጸገችው እጅ በማውጣት ብቻ ነው ማለቴ አይደለም። ፋብሪካዎቿና ባንኮቿ አሉ፤ ከሁለቱ የዓለም ጦርነቶችም ውጭ ቆይታለች። ዳሩ ግን ወጪውን ራሱ የወሰነ ሰው ገንዘቡ የት እንደ ደረሰ ይከታተላል፤ መዋጮውንም ሳያጉረመርም ይከፍላል። እነርሱም ቢሆኑ ጉድለት ነበረባቸው። ሴቶች በአገር አቀፍ ደረጃ ድምፅ የሰጡት እ.ኤ.አ. ከ1971 ዓ.ም. በኋላ ሲሆን፣ አፐንዜል ኢነርሮደን በምትባለው ግዛት እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ ተከልክለዋል።

ነገሩ ለወለጋ ሕዝብ እንግዳ አይደለም። የመጫ ኦሮሞ በኦዳ ቢሲል ዛፍ ሥር ተሰብስቦ ሕግ ሲመክርና ሲደነግግ የኖረ ሕዝብ ነው። በገዳ ሥርዓት ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ያልፋል። ይህም ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል።

የቅርቡን ታሪካችንንም እናስታውስ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ቢያንስ በ20 ጋሻ መሬት ላይ አንድ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም ተደነገገ። መሬቱን የሚያከፋፍለው፣ መሪውን የሚመርጠው ገበሬው ራሱ ነበር። ትናንት ጭሰኛ የነበረ ሰው ስለ መሬት ድምፅ ሰጠ። ቀበሌውን ዛሬም «ገበሬ ማኅበር» ብሎ የሚጠራው ሰው ብዛት ያ ጊዜ ምን ያህል እንደ ተወደደ ይመሰክራል። በኋላ ግን ማኅበሩ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በተቆረጠ ዋጋ እህል የሚሰበስብ የኮታ ጽሕፈት ቤት ወደ መሆን አዘነበለ። መሪው የሚመዘነው አባላቱ ባሉት ሳይሆን ባስገባው ኩንታል ሆነ። የአምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራትም በጭብጨባ ተመሠረቱ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ታውጆ ገበሬው መውጣት ትችላለህ ሲባል፣ አብዛኞቹ በጥቂት ወራት ውስጥ ፈረሱ፤ በሬውና መሬቱ ተከፋፈለ። ያ ሁሉ ጭብጨባ ስምምነት አልነበረም ማለት ነው።

በ1991 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147 አባሉ ያለው ዕጣ ምንም ያህል ቢሆን ለአንድ አባል አንድ ድምፅ ሰጠ። በዚያው ዓመት በ34 መሠረታዊ ማኅበራት የተመሠረተው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን የአባላቱን ቡና በቀጥታ ወደ ውጭ እስከ መላክ ደርሷል። የለቀምት ቡና ስሙ በዓለም ገበያ የታወቀ ነውና ከሽያጩ ለአባሉ የሚመለሰው ብር ቀላል ነገር አይደለም። ታዲያ ይህ ብር በመሠረታዊ ማኅበሩ ደጃፍ ሲደርስ ስንት እንደ ነበረ፣ ስንት እንደ ተቀነሰ፣ ለምን እንደ ተቀነሰ አባሉ ካልሰማ፣ በሚቀጥለው ዓመት ቀዩን ቡና ለነጋዴ ቢሸጥ ማን ይወቅሰዋል?

ባለፉት ዓመታት በወለጋ በነበረው የጸጥታ ችግር ሰው ሰብስቦ ማወያየት ራሱ ከባድ እንደ ነበር አውቃለሁ። ቢሆንም ሂሳብን በወረቀት ላይ ጽፎ በገበያ ቀን በማኅበሩ መጋዘን በር ላይ መለጠፍ፣ ማንበብ ለማይችለውም በኦሮምኛ ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብ የተለየ በጀት አይጠይቅም። ይህም ከጉባዔው አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ቢደረግ አባሉ ጥያቄውን ቤቱ አስቦበት ይመጣል። ከብር ጋር የተያያዘ ውሳኔ ሁሉ ከሪፖርቱ ተነጥሎ ለብቻው ድምፅ ይሰጥበት፤ የተቃወመውም በቃለ ጉባዔ ይመዝገብ። የቁጥጥር ኮሚቴው ከሥራ አመራሩ ዘመዶች መካከል አይመረጥ። በአባልነት የተመዘገበው ባል ብቻ በሆነበት ቤትም ሚስቲቱ የምትመዘገብበት መንገድ ይፈለግ፤ ቡናውን የምትለቅመውና እህሉን ተሸክማ ወፍጮ ፍለጋ የምትሄደው እርሷ ናትና።

እኒያን አዛውንት በተመለከተ፣ የማኅበሩን ሊቀ መንበር አግኝቼ የወፍጮውን ነገር ጠይቄአቸዋለሁ። በመጪው ጉባዔ እናቀርባለን ብለውኛል። አጀንዳው ሲጻፍ የወፍጮው ሂሳብ በ«ልዩ ልዩ» ሥር ሳይሆን በተራ ቁጥር 1 እንዲሰፍር፣ አዛውንቱም ከሁሉ በፊት የመናገር ዕድል እንዲሰጣቸው አሳስቤአለሁ።