«ሲስተሙን አጽድተነዋል» ማለት ምን ማለት ነው?

ባለፈው ወር ለእናቴ የመድኃኒት ብር ላክሁ። ከእኔ ሒሳብ ወዲያው ተቀነሰ፤ እሷ ጋ ግን አልገባም። ቅርንጫፉ ሄድሁ። «ሲስተም ነው፣ በ24 ሰዓት ይስተካከላል» ተባልሁ። የተስተካከለው በ11ኛው ቀን ነው፤ ያውም ከአራት ምልልስና ከአንድ ማመልከቻ በኋላ።

እዚያው ቤት የሚሠራ ወዳጄ ቡና ላይ ነገሩን አጫወተኝ። «ዲስኩ ሞልቶ ቆመ፣ አጽድተን አስነሣነው።» ምኑን ነው ያጸዳችሁት? ስለው «ወረፋ ላይ የተከማቹትን ያልደረሱ መልእክቶች» አለኝ። አንዱ የእናቴ ነበር።

የእኔን ብር የሚቀንሰውና ለእሷ የሚያስገባው ፕሮግራም በቀጥታ አይነጋገሩም። መካከላቸው መልእክት ተቀብሎ የሚያቀብል ሌላ ፕሮግራም አለ፤ ባለሙያዎቹ «ብሮከር» ይሉታል። ተቀባዩ «ደርሶኛል» እስኪል መልእክቱን ዲስክ ላይ ያቆያል። ተቀባዩ ከተኛ ይከማቻል። ፖስታ ቤት በሉት። ሣጥኑ ሞላ ብሎ ደብዳቤ የሚያቃጥል ፖስተኛ ግን አይታችሁ ታውቃላችሁ?

«ዲስክ ሲሞላ ምን እናድርግ?» ይሉናል። መጀመሪያ ለምን እንደሞላ እዩ! አክቲቭ ኤምኪው የሚባለውን ብሮከር ውሰዱ። ካልቀየሩት በቀር መልእክቶችን 32 ሜጋባይት በሚደርሱ ፋይሎች ይጽፋል፤ በአንዱ ፋይል ውስጥ አንዲት ያልደረሰች መልእክት ካለች ፋይሉ በሙሉ አይሰረዝም። ስለዚህ ዲስኩን ያጣበቡት ድሮ የደረሱ መልእክቶች ሊሆኑ ይችላሉ። አንድ ሠራተኛ ለሙከራ በቋሚነት መዝግቦት የረሳው ተቀባይ እንኳ፣ ብሮከሩ ለእሱ እያስቀመጠ ዲስክ ሊሞላ ይችላል። እሱን ፈልጎ መሰረዝ እያለ የሰው ብር ያለበትን ወረፋ መጥረግ ስንፍና ነው።

ሌሎቹም የራሳቸው ጠባይ አላቸው። ራቢት ኤምኪው ወረፋው ላይ የብዛት ገደብ ካበጁለትና ሌላ ትእዛዝ ካልሰጡት፣ ሲሞላ የሚጥለው ከፊት ያለውን፣ ብዙ የጠበቀውን ነው። ካፍካ እንደመጣ ከተተወ 7 ቀን ያለፈውን ይሰርዛል፤ ተነበበ አልተነበበ ግድ የለውም። ሁሉም የሚቀየሩ ቁጥሮች ናቸው። የሚወስናቸው ሰው ነው፤ «ሲስተም» የሚባል ፍጡር የለም።

ሁሉም ይቀመጥ አላልሁም። ከሁለት ሰዓት በፊት የተላከ የይለፍ ቁጥር ምን ያደርጋል? የማስታወቂያ ኤስኤምኤስማ ቢጠፋ ደስታዬ ነው። የክፍያ መልእክት ግን በዝምታ ሊጠፋ አይገባም። አልደርስ ካለ ለብቻው ይቀመጥ፤ ማን እንደሰረዘው፣ ለምን እንደሰረዘው ይመዝገብ። ደንበኛውም ሄዶ ሳይለምን ይነገረው። ብሔራዊ ባንክም ስለ ዝውውሩ ብዛት ብቻ ሳይሆን ስንቱ መንገድ ላይ እንደቀረ ይጠይቅልን። ዛሬ ይህን የሚወስነው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ስልክ የተደወለለት አንድ እንቅልፋም ወጣት ነው። በእሱ አልፈርድም፤ «ብቻ አስነሣው» ብሎ ባዘዘው አለቃ እንጂ።

ያልደረሱት የሚጠራቀሙበት «ዴድ ሌተር» የሚባል ወረፋ እነሱም ጋ እንዳለ ወዳጄ ነግሮኛል። ታዲያ ማን ነው የሚከፍተው? አልሁት።

«የሠራው ልጅ ለቅቋል።»