የሥራ ቦታ ምሬታችንን በቀደር አናሳብብ



ከመግሪብ በኋላ በምንቀመጥበት ሁሉ ወሬው አንድ ሆኗል። «ሥራዬን ጠላሁት»፣ «አለቃዬ አያየኝም»፣ «ደመወዙ የትም አያደርስም»። ታዲያ ምን አሰብክ ሲባል መልሱ «ቀደር ነው፣ ሰብር ማድረግ ነው እንጂ» ነው።

ይህ ሰብር አይደለም! ሰብር ሰበቡን እያደረሱ መጽናት ነው። ቀኑን ሙሉ አለቃን ሲያሙ ውሎ ማታ «ሰብር አድርጌያለሁ» ማለት ስንፍናን የዲን ልብስ ማልበስ ነው።

ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍን (ረ.ዐ) እናስታውስ። ንብረታቸውን መካ ጥለው መዲና ሲገቡ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከአንሷሩ ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ) ጋር ወንድማማች አደረጓቸው። ሰዕድ የሀብታቸውን ግማሽ ሊያካፍሏቸው ፈለጉ። እሳቸው ግን ዱዓ አድርገውላቸው የገበያውን መንገድ ጠየቁ። በበኑ ቀይኑቃዕ ገበያ በቅቤና በአይብ ንግድ ጀመሩ። ለማማረርማ ከእኛ የበለጠ ምክንያት ነበራቸው።

«የዛሬ አሠሪ ግን ይበድላል» ትሉን ይሆናል። እውነት ነው፣ የሚበድል አለ። የሠራተኛን ሐቅ የበላ አላህ ፊት ይጠየቃል። ግን ስንቶቻችን መብታችንን እናውቃለን? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጣል። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል። በደልን መፍታት ለሚችል ሰው በአደብ ማቅረብ ሐቃችን ነው። ምንም ለማይፈታልን ጓደኛ በየማታው መደጋገም ግን ልብ ከማድረቅ በቀር ምን ይጠቅማል?

ደግሞ ወደ ራሳችን እንመለስ። 2፡30 ልንገባ ተዋውለን 3 ሰዓት የምንደርሰው እኛ ነን። ደንበኛ አቁመን ቲክቶክ የምናየው እኛ ነን። ለዙህር ሰላት ተፈቅዶልን ወጥተን፣ ከሰላቱ በኋላ ሻይ ቤት የምንቆየውም እኛው ነን። ነገ ሌላ ወንድማችን ለሰላት ፈቃድ ጠይቆ ሲከለከል «በዲናችን መጡብን» እንላለን። የእኛን ሻይ ሒሳብ የከፈለው እሱ መሆኑን ግን አናነሳም። ሥራ አማና ነው። አማናውን እያጎደለ የሚውል ሰው ልቡ እንዴት ይረጋ?

ስለዚህ መጀመሪያ የእኛን ድርሻ እንሙላ። ከዚያ ሐቃችንን አንገታችንን ሳንደፋ እንጠይቅ። ካልተሰጠን ማታ ማታ ሙያ እንማር፤ ሌላ በር እናንኳኳ፤ ስንለቅም ሳንሳደብ እንልቀቅ። ሪዝቅ በአላህ እጅ ነው፤ በሩ ድረስ መሄድ ግን የእኛ ፋንታ ነው።

አላህ ሐላል ሪዝቅ ይወፍቀን፣ በሥራችንም በረካ ያድርግልን። አሚን።